በፍስክ ቀን የቀረበ ሽሮ

ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ ሥራ የገባሁ ዕለት ነጭ ካፖርት፣ ነጭ ቆብ፣ አንድ ጭልፋና በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አስፈርመው ሰጡኝ። ወረቀቱ «የወጥ መመሪያ» ይባላል፤ የመጣው ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ለአርባ ሰው ቀይ ወጥ ስንት ኪሎ ሥጋ፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስንት ጭልፋ በርበሬ እንደሚገባ፣ ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቁላላ፣ ሥጋው በምን መጠን እንደሚከተፍ ሳይቀር ሰፍሯል። ማዕረጌ ረዳት ወጥ ሠሪ ነበር። ዋና ወጥ ሠሪው ማን እንደሆነ ብጠይቅ መደቡ ክፍት ነው አሉኝ። እንግዲህ የምረዳው ወረቀቱን ነበር ማለት ነው።

ድርጅታችን በደሴ መንገድ ላይ ብዙ ቅርንጫፎች ነበሩት። ምግብ ቤቶቹ ከተወረሱ በኋላ በአንድ አስተዳደር ሥር ተሰብስበው አንድ ዓይነት ሜኑ፣ አንድ ዓይነት ሳህን፣ አንድ ዓይነት መጋረጃ ተሰጣቸው። ተሳፋሪ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያገኘውን ሸዋ ሮቢት ላይም እንዲያገኝ ተብሎ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የሚያባርረው የአጥንት ሾርባ፣ ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ለገባ ሰው ቅጣት ነው። በግንቦት ሙቀት አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ያንን ሾርባ የሚጠጣ መንገደኛ ስንቱን አየሁ! ሌላ ነገር ሲያዝ «አልቋል» ይባላል፤ ያላለቀው ሾርባው ብቻ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ ጓድ ወርቅነህ፣ ማድ ቤት ውስጥ ጋሼ ወርቅነህ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ፈሪ። የጨጓራ በሽታ ስላለበት ምግብ ቤት እያስተዳደረ የሚውለው በወተትና በደረቅ ዳቦ ነው። እኛ ማድ ቤት ውስጥ «የራሱን ቤት ምግብ የማያምን» እያልን እናሾፍበት ነበር።

በዚያው በመጀመሪያው ቀኔ የደሴ አውቶቡስ ቆመና ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ በማድ ቤቱ መስኮት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ሥጋው የማን ነው?» አሉኝ።

የአዲስ ሠራተኛ ትጋት ይዞኝ፣ «የመንግሥት ነው» አልኳቸው።

«መንግሥት ቢስሚላህ ብሎ ነው ያረደው?»

አብረዋቸው የነበሩት በሳቅ ፈረሱ። እኔም እንደነሱ ልስቅ አልኩና አፈርኩ። ይፋት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እስላሙ የክርስቲያን እርድ፣ ክርስቲያኑም የእስላም እርድ እንደማይበላ አጥቼው አይደለም። ነጩን ካፖርት ስለብስ ጠፍቶኝ ነው። ሽማግሌውና ጓደኞቻቸው ሻይ በዳቦ ጠጥተው ሄዱ።

ጋሼ ወርቅነህም ነገሩን ያውቀው ነበር። ከየአውቶቡሱ የሚወርደው መንገደኛ ግማሹ እኛን አልፎ ገበያው ዳር ወዳሉት የእስላም ምግብ ቤቶች ይሄዳል። ሁለተኛ ማድ ቤት ይፈቀድልኝ ብሎ ቢጽፍ፣ ሠራተኛው ሕዝብ በእርድ አይከፋፈልም፣ ሁለት ድስት መጣድ ክልክል ነው የሚል ሰርኩላር መጣለት። ፈሪም ቢሆን ብልህ ነውና፣ ሰርኩላሩን ፋይል ውስጥ አስገብቶ ዛህራን ቀጠራት። በመዝገብ ላይ የሥራ መደቧ «ሽንኩርት ከታፊ» ነው። እውነተኛው ሥራዋ ሁለተኛው ድስት ነበር።

ዛህራ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። እናቷ የሠርግ ድግስ ወጥ ሠሪ ስለነበረች እጇ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ዛሬ ይህን ለመናገር አላፍርም፤ ያን ጊዜ ግን አፌን ቢፈለቅቁት አልናገርም ነበር።

ሥራችንን እንዲህ አደራጀነው። ሁለቱ ድስቶች የድርጅቱ ማኅተም ያለባቸው፣ መንታ የሆኑ ትልልቅ የአሉሚኒየም ድስቶች ናቸው። በመስኮቱ በኩል ያለው የቀኙ ምድጃ የዛህራ፣ በበሩ በኩል ያለው የግራው የእኔ። ሥጋው ከሁለት ሉካንዳ ይመጣል። ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ጭልፋዋም የራሱ ምስማር አለው። ከድስቷ ክዳን ላይ ከአሮጌ ሻሿ የቀደደችውን አረንጓዴ ጨርቅ ታስራለች። ሽንኩርት አብረን እንልጣለን፣ ከአንድ መሶብ እንጀራ እናወጣለን፣ ወሬውንም በአንድ ላይ እናቦካዋለን። መቅመስ ግን ክልክል ነው። ጨው ይነሰው ይብዛው፣ የእሷን እሷ፣ የእኔን እኔ። እሷ በአፍንጫዋ ብቻ «የሺ፣ ሽንኩርትሽ ሊያርር ነው!» ስትለኝ ሮጬ አወርዳለሁ። ተሳስታ አታውቅም።

እንዲህ እየሠራን አምስት ዓመት ሄድን። አሳላፊዎቹ መንገደኛውን በጆሮው ይጠይቁታል፤ ሳህኑ ከትክክለኛው ድስት ይወጣል። አንድም ቀን ሳህን ተሳስቶ አያውቅም።

የተሳሳትነው አንድ ሐሙስ ቀን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

የገበሬ ማኅበር ሊቃነ መናብርት አዲስ አበባ ስብሰባ ከርመው ወደ ወሎ ሲመለሱ ምሳ እኛ ዘንድ እንዲበሉ ታዘዘ። አርባ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከመነሻው ጀምሮ ስንቃቸውን የሚቆጣጠር፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ጓድ ደምሴ የሚባል ተቆጣጣሪም አብሯቸው አለ። ትእዛዙ ለሁሉም ቀይ ወጥ ነው። እኔና ዛህራ ከማለዳ ጀምረን ሁለቱንም ድስት ሠርተን ጨረስንና በረመጥ ላይ አቆየናቸው።

ጋሼ ወርቅነህ ሆዱን ይዞ ማድ ቤቱን ይዞራል።

«የሺ፣ ሰውዬው ጣቱን በመደርደሪያ ላይ የሚያሽ ዓይነት ነው። አንዲት እራፊ ጨርቅ እንዳላይ!»

ዛህራ እንጀራ ልታመጣ ሄዳለች። እኔም የጠረጴዛ ልብስ ልተኩስ ስወጣ፣ ዕቃ አጣቢያችንን እትዬ በለጡን፣ «እራፊ የተባለ ሁሉ ከዚህ ቤት ይውጣ፤ ምድጃውም አመዱ ይዘቅ» አልኳት። በቃ፤ ይህንን ብቻ ነው ያልኩት። እትዬ በለጡ ደግሞ ከታዘዘችው አንድ ፍሬ የማታጎድል ሴት ናት።

ስመለስ ማድ ቤቱ እንደ መስታወት ያበራል። እትዬ በለጡ የለችም፤ የሴቶች ማኅበር እንግዶቹን በእልልታ ተቀበሉ ብሎ ወደ ድልድዩ ወስዷታል። ዛህራ እንጀራውን አወረደችና ቀና ስትል ቆማ ቀረች።

«የሺ፣ ጨርቄስ?»

ሁለቱም ክዳኖች ባዶ ነበሩ።

ክዳኖቹን ከፈትን። ያ ወረቀት ሥራውን ሠርቷል፤ ያው ቀለም፣ ያው መጠን ሥጋ፣ ያው ከግምጃ ቤት የወጣ በርበሬ። ዛህራ ጎንበስ ብላ አንዱን አሸተተች፤ ሌላውንም አሸተተች። ራሷን ነቀነቀች። ልቅመስ ብትል ሃራም ሊሆንባት ነው። እኔም ልቅመስ ብል ያው ነኝ።

«ያንቺ የቀኙ ነው፤ መቼም ቦታው ያው ነው» አልኳት።

«ምድጃውን እይው እስቲ።»

አመዱ ተዝቆ ነበር። ድስቶቹ ወርደው እንደገና ተጥደዋል።

«መልሳ ከቦታቸው ነው የምታስቀምጣቸው» አልኩ።

ዛህራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ቀኙ የኔ ለመሆኑ ትምያለሽ?»

«አልምልም» አልኳት።

ጋሼ ወርቅነህ በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል። ፊቱ ነጣ።

«በሉ አቅርቡ! ደርሰዋል እኮ፣ እልልታው ይሰማል። ገምታችሁ አቅርቡ፤ ማን ያውቃል?»

«አላህ ያውቃል ጋሼ» አለች ዛህራ። «እኔም አለማወቄን አውቀዋለሁ።»

«አሻጥር ይሉኛል! ሥጋ ድስት ሙሉ እያለ በፍስክ ቀን ምን ልታበሏቸው ነው? ለእኔም ለእናንተም መጥፊያችን ነው!»

ይህ ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረ ግምጃ ቤት ጠባቂ ዝናብ ያበሰበሰው ዱቄት ተገኘበትና አሻጥረኛ ተብሎ ሄደ፤ ሲመለስ ከሰው ጋር መነጋገር ትቶ ነበር። እኔ የምጦራት እናት አለችኝ፤ ዛህራ ሁለት ልጆች አሏት። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ገምቼ አቀርብ ነበር። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ዛህራ ግን አንዴ ከወሰነች ወሰነች። ለሻይ የተጣደውን ትልቅ ጀበና መሳይ ማፍያ አውርዳ፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ብረት ድስት ጣደች። «ሽንኩርት!» አለችኝ። የሮቢት ሽንኩርት መቼም ሞልቷል። እሷ ዘይቱን፣ እኔ ሽንኩርቱን፣ እሷ ሽሮውን፣ እኔ ቲማቲምና ቃሪያውን። አምስት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ሠርተን በአንድ ድስት ላይ ሁለታችን ጭልፋ ስናስገባ የመጀመሪያችን ነበር። እኔ ቀመስኩ፤ እሷም ቀመሰች። «ጨው» አልን እኩል። እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነን ሳቅን።

እንግዶቹ ተቀመጡ። አሳላፊዎቹ ሽሮውን እንጀራ ላይ እያፈሰሱ ዞሩ። ጓድ ደምሴ ሳህኑን አየ፤ ቀጥሎ ጋሼ ወርቅነህን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽሮ ነው ጓድ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ።»

«ታዲያ ጾሙን ያወጀው ማነው?»

ሰው ሳቀ። ጓድ ደምሴ አልሳቀም። «የቀይ ወጥ ሽታ እስከ መንገድ ድረስ ይሸታል። ሥጋው የት ገባ? ሜኑ ላይ ያለ፣ የታዘዘ ምግብ ነው። ይሄ ተራ ስሕተት አይመስለኝም። ይሄ…» አለና የአስተያየት መዝገቡ እንዲመጣለት አዘዘ። ሳቁ ቆመ። ቃሉን ባይጨርሰውም ሁላችንም ጨረስንለት። እኔ ከማድ ቤት ወጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አንድ እርምጃ ስራመድ፣ ያ ፈሪ ሰው፣ ጋሼ ወርቅነህ፣ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያች ቃል አከብረዋለሁ።

ጓድ ደምሴ እስክሪብቶውን አውጥቶ መጻፍ እንደጀመረ፣ ከገበታው ጫፍ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ሰይድ ይባላሉ፤ ከወሎ ቆላ የመጡ ሊቀ መንበር ናቸው።

«ልጄ፣ ጨመር አታደርጊልንም?» አሉኝ።

ሳህናቸው ተጠርጓል። አጠገባቸው የተቀመጡትም እንደዚያው፤ የእነሱ ወዲያ ማዶም እንደዚያው።

ጓድ ደምሴ እስክሪብቶውን ያዝ አደረገ። «ጓድ ሰይድ፣ አንቱ ሆድዎን አሞዎት አልነበረም እንዴ? ጠዋት እንኳ ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ብቻ ነው የጠጡት።»

«ሆዴስ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ያረደውን አላውቀውማ።»

«ስድስት ቀን ሙሉ?»

«ስድስት ቀን ሙሉ። በዳቦና በሻይ ከረምን፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልሞትንም።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«አጀንዳ ላይ አልነበረማ» አሉ ሽማግሌው። በአሽሙር ይሁን በየዋህነት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከዚያ ማዶ አንዱ፣ «እኔም ሆዴን አላመመኝም» አለ። ሌላውም ቀጠለ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ሆዳቸውን ሳያማቸው ስድስት ቀን ሲራቡ ከርመዋል። ስንቃቸውን የሚቆጣጠረው ደግሞ ጓድ ደምሴ ራሱ ነው። ፊቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁት፤ የሾርባ ላብ አልነበረም። እንጀራውን ቆረሰ። ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ። ሽሮው የዛህራ ነውና እጁ እንደማይቆም አውቄ ነበር። እኔ ድስቱን ይዤ ልጨምር ዞርኩ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሼ ወርቅነህ መዝገቡን ማድ ቤት ይዞ መጣ። ጓድ ደምሴ «አሻ» ብሎ የጀመረው ቃል ተሰርዟል። ከሥሩ፣ «ምግቡ ከሜኑ ውጭ ነው። ተሳታፊዎች በሙሉ በልተዋል» ይላል። ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበልን። ሦስተኛ ሊያነብ ሲል ዛህራ፣ «ጋሼ፣ ይበቃል፤ ቁርኣን አይደለም» አለችው። እሱም በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተረፈውን ሽሮ ከነቃሪያው በላው። የዚያችን ደስታ ዋጋ ሁለት ቀን ጨጓራው አስከፈለው።

እትዬ በለጡ አቧራ ለብሳ፣ በእልልታ ድምፅዋ ተዘግቶ ገባች።

«ምን ሆናችሁ? ለቅሶ የደረሳችሁ ትመስላላችሁ።»

«እትዬ በለጡ፣ አረንጓዴዋ ጨርቅ የት ገባች?» አለች ዛህራ፣ ቀስ ብላ።

ከመቀነቷ ሥር መዝዛ አወጣቻት። «እቺን ነው? እራፊ ይውጣ ተባልኩ፣ አወጣሁ። ደህና ጨርቅ ስለሆነች አልጣልኳትም።»

«ከየትኛው ድስት ነው የፈታሻት?»

«ከዚያኛው» አለች። በጣቷ ያሳየችው የግራውን ነው።

ሁለታችንም ዞረን የግራውን ድስት አፈጠጥንበት። እትዬ በለጡ ጥፋት ያጠፋች መስሏት ታስረዳ ጀመር። «አመዱን ልዝቅ ሁለቱንም አወረድኳቸው። የግራው ምድጃ ቀድሞ አለቀልኝ። የመስኮቱ ድስት ጆሮው ስላቃጠለኝ በዚህችው ጨርቅ ይዤ እዚያ ጣድኩት። ሌላውን ወደ መስኮቱ አደረግሁት። ምነው፣ አረረ እንዴ?»

ተቀመጥኩ። ወንበር ስለነበረ አይደለም፤ የሽንኩርት ኬሻ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ገምቼ ቢሆን ኖሮ አሥራ ዘጠኙን እስላሞችም፣ ሃያ ሦስቱን ክርስቲያኖችም፣ አንድ ሳይቀር አሳስቼ ነበር።

ዛህራ ጨርቋን ተቀብላ ከክዳኗ ላይ አሰረች፤ ድስቷንም ወደ መስኮቱ መለሰች። ሥጋው አልባከነም። ከሰዓት በኋላ የመጡት ሁለት አውቶቡሶች በሉት፤ እያንዳንዱ የራሱን። በማግሥቱ እኔ ምስማርና መዶሻ ይዤ የዛህራን ድስት ጆሮ ሥር ለምልክት ሦስት ቦታ ወጋሁት። የመንግሥት ንብረት ማበላሸት ነው፤ ይኸው አሁን አመንኩ።

ጓድ ደምሴ ከዚያ በኋላ ባለፈ ቁጥር በፍስክ ቀን ሽሮ ያዝ ነበር። ሰርኩላሩን ግን አላስነሳልንም። ዛህራም ሥራ እስካቆመችበት ቀን ድረስ በመዝገብ ላይ ሽንኩርት ከታፊ ነበረች። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ ዛህራ ነጠላዋን እያስተካከለች አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ።

«የሺ፣ ብትምዪ ኖሮ አምንሽ ነበር።»

ወደ ሙያው አዲስ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ያላወቃችሁትን ድስት አታቅርቡ፤ ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ፤ ሽሮ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል።